አንዱ የመጀመሪያዋን ጠብታ ይፈልጋል፣ ሌላው የመጨረሻዋን፦ ከወንዶች የሽንት ምርመራ የሚያመልጡ ጥገኛ ተውሳኮች

ልጁ ሲመጣ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። መካከለኛው አዋሽ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ እሰራ በነበረበት ጊዜ ነው። ሀያ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከደጋ ወርዶ እርሻ ላይ የቀን ሥራ የያዘ። ካርዱን ሳየው መጀመሪያ ሲፕሮ ተሰጥቶታል፣ ቀጥሎ ዶክሲ (ሁለቱም የባክቴሪያ መድኃኒት ናቸው)፣ ሁለቴም የሽንት ውጤቱ ላይ ቀይ የደም ሴል ብዙ ተብሎ ተጽፎ ከስሩ "ፓራሳይት አልታየም" ይላል። ናሙናውን ሁለቴም የሰጠው ጠዋት ነው፣ ያው እንደ ሁላችንም 2:30 ላይ ተሰልፎ 3 ሰዓት ሳይሞላ ኩባያዋን ሰጥቶ ሄዷል።

"ወንድሜ ሂድና ምሳህን ብላ፣ እስከ ገበያው በእግርህ ደርሰህ ና፣ 7 ሰዓት ተኩል ላይ እጠብቅሃለሁ" አልኩት። መጣ። አሁን ስትሸና መጀመሪያ የሚመጣውን ልቀቀው፣ እኔ የምፈልገው መጨረሻ ላይ የምትወጣዋን ነው፣ ጨመቅ አድርገህ ስጠኝ ስለው እንደ እብድ ነው ያየኝ። ይዞ የመጣው ሁለት ማንኪያ የማይሞላ ሽንት ነው፣ የሥጋ እጣቢ የመሰለ። ሴንትሪፉጅ አድርጌ (በፍጥነት አሽከርክሮ የሚያዘቅጥ ማሽን ነው) ዝቃጩን ስላይድ ላይ ጠብ አድርጌ በትንሹ ሌንስ ሳየው ምንም መፈለግ አላስፈለገኝም፣ የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል እዛው ቁጭ ብሏል። ሞላላ ነው፣ አንዱ ጫፉ ላይ እንደ እሾህ የሾለ ነገር አለው፣ ውስጡ ደግሞ ትንሿ እጭ ስትርገበገብ ትታያለች። አንድ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ስላይዱን ገፋ ባደረግኩ ቁጥር ሌላ ይመጣል።

ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። "ዶክተር፣ ከየትኛዋ ነው የያዘኝ?" (እዛ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፣ እኔም አላረምኩትም።)

"ከሴት አይደለም፣ ከቦዩ ነው" አልኩት። አላመነኝም።

አልፈርድበትም። እኛ ሀገር ወንድ ልጅ ሲሸና ሲያቃጥለው ወይ ቀይ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚያማክረው ጓደኛውን ነው፣ ጓደኛ ደግሞ መልስ አያጣም፦ ጨረቃ ላይ ሸንተህ ነው፣ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ሸንተህ ነው፣ ውሻ የሸናበት ላይ ደርበህበት ነው፣ ብርድ ነው፣ ምች ነው። ትንሽ ነቃ ያለው ደግሞ "ጨብጥ ነው ባክህ" ይልና ፋርማሲ ይልከዋል። የፋርማሲዋን ትዕይንት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ ሰው እስኪወጣ ዳር ቆሞ የጥርስ ሳሙና የሚያገላብጥ ጎረምሳ፣ ከዛ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ "እ... የሽንት ነገር የሚዋጥ የለም?"

ጤና ተቋም ቢሄድም ብዙ ጊዜ የሚታከመው በምልክት ነው። ከብልት ፈሳሽ ወጣ ከተባለ ለጨብጥና ለክላሚዲያ የሚሆን መድኃኒት አብሮ ይሰጣል፣ ካልተሻለው ተመልሶ ይመጣል። ይሄ አሰራር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ላብራቶሪ በሌለበት ቦታ ስንቱን አድኗል። ግን ሁለቱም ባክቴሪያ ናቸው። ሲፕሮና ዶክሲ የቢልሃርዚያን ትል አይነኩትም፣ ትሪኮሞናስ የሚባለውን ባለ አንድ ሴል ተውሳክም አይነኩትም። ስለዚህ ሰውየው መድኃኒቱን በደንብ ውጦ አይሻለውም፣ ከዛ ወይ መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ይላል ወይ ሚስቱን ይጠረጥራል ወይ ደግሞ ለምዶት ይቀመጣል። ሦስተኛው ነው የሚበዛው።

እኔ የማየው ችግር ግን ከመድኃኒቱም በፊት ኩባያው ላይ ነው። የወንዶችን ሽንትና ብልት የሚያጠቁት ጥገኛ ተውሳኮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ትሪኮሞናስ የሽንት ቧንቧው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለሚኖር የሚገኘው ጠዋት ገና ካልሸና ሰው በሚወጣው የመጀመሪያው ሽንት ነው። የሽንት ቢልሃርዚያ እንቁላል በብዛት የሚወጣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን ይበልጥ የሚገኘው የመጨረሻዎቹ ጠብታዎች ላይ ነው። የቆለጥ ከረጢት የሚያሳብጠው የፋይላሪያ ትል ደግሞ በተለምዶ በሽንት አይፈለግም፣ ልጆቹ ወደ ዳር የደም ስሮች የሚወጡት ሌሊት ነው፣ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 አካባቢ። ከ4 እስከ 8 በቀን፣ ከ4 እስከ 8 በሌሊት፣ ተነጋግረው ሺፍት የተከፋፈሉ ነው የሚመስለው። የኛ ኩባያ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመሃሉን ሽንት ትቀበላለች፣ እሱ ደግሞ ለባክቴሪያ ካልቸር፣ ጀርሙን አሳድጎ ለሚያየው ምርመራ፣ የሚመረጠው ነው። ከዛ "አልታየም" ብለን እንጽፋለን። አልዋሸንም፣ እውነትም አልታየም።

በቢልሃርዚያው ልጀምር፣ ብዙ የሚባልለት እሱ ስለሆነ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው የአንጀቱን ነው፣ ማንሶኒ የሚባለውን፣ ጣና ዳር፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ሰሜኑም ውስጥ በየወንዙ። የሽንት ቧንቧውን የሚያጠቃው ሄማቶቢየም የሚባለው ግን ቦታው ጠባብ ነው፣ መካከለኛውና የታችኛው አዋሽ፣ የታችኛው ዋቢ ሸበሌ፣ እና ከሱዳን ድንበር ላይ ኩርሙክ። ምክንያቱ ቀንድ አውጣዋ ናት። ትሉ ያለ እሷ መባዛት አይችልም፣ እሷም የትም አትኖርም። አዋሽና ዋቢ ሸበሌ ላይ ይሄን ሥራ የምትሰራው ቡሊነስ አቢሲኒከስ ትባላለች፣ ስማችንን ሳይቀር ይዛለች እንግዲህ።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚዞረው። በበሽታው የተያዘ ሰው ውሃ ውስጥ ወይ ውሃ ዳር ይሸናል፣ እንቁላሉ ንጹህ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል፣ የወጣችው እጭ ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ትገባለች፣ እዛ ውስጥ ሳምንታት ቆይታ ትባዛና ጭራቸው እንደ መንሽ ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ በዓይን የማይታዩ እጮች ሆነው ይወጣሉ። የሚወጡት ፀሐይ ሲሞቅ ነው፣ ቀትር አካባቢ። አሁን አስቡት፣ አፋር በረሃ ላይ ቀትር ላይ ሰው የት ነው ያለው? ቦይ ውስጥ ነዋ። ቆዳውን ሲያገኙ ጭራቸውን ጥለው ሰርስረው ይገባሉ፣ ቁስል አያስፈልጋቸውም፣ መጠጣትም አያስፈልግም፣ እግር መንከር ይበቃል። ከዛ በሳንባ አድርገው ጉበት ደርሰው እዛ አድገው ወንድና ሴት ይጣመራሉ። ሴቷ ወንዱ ሰውነት ላይ ባለ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ነው የምትኖረው፣ ተቃቅፈው ወደ ሽንት ፊኛ ዙሪያ ወዳሉት ደም ስሮች ይወርዳሉ። እዛ በአማካይ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይኖራሉ፣ አንዳንዴ ከዛም በላይ፣ በየቀኑ እንቁላል እየጣሉ።

የሚያመው ትሉ አይደለም፣ እንቁላሉ ነው። ከሚጣለው ውስጥ ግማሽ የሚሆነው ፊኛውን በስቶ በሽንት ይወጣል፣ ሲወጣ ነው የሚያደማው፣ ለዛ ነው ደሙ ሽንቱ ሲያልቅ የሚታየው። ቀሪው መውጣት አቅቶት ሥጋ ውስጥ ይቀራል። ሰውነት ደግሞ እንግዳ ነገር ሲያገኝ ከቦ ያጥረዋል፣ ያ ቦታ ይቆስላል፣ ይጠነክራል፣ በዓመታት ውስጥ እንደ ኖራ ይደርቃል።

ይሄ አዲስ በሽታ እንዳይመስላችሁ። ግብጽ ውስጥ 20ኛው ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበሩ ሙሚዎች ኩላሊት ውስጥ እንቁላሉ ደርቆ ተገኝቷል፣ ሩፈር የሚባል ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1910 ያሳተመው። ትሉን ራሱን ያገኘው ደግሞ ቴዎዶር ቢልሃርዝ የሚባል ጀርመናዊ ካይሮ ውስጥ ሆኖ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1851፣ ስሙም ከሱ ነው የመጣው። ግብጽ ገጠር ውስጥ ወንድ ልጅ ደም መሽናቱ ከመለመዱ የተነሳ እንደ ጉርምስና ምልክት የሚታይበት ጊዜ ነበር፣ "የወንድ ወር አበባ" ሁሉ ይባል ነበር። ሁሉም ሰው የታመመበት ቦታ በሽታው ጤና ይመስላል።

አሁን ወደማይወራው ልግባ። እንቁላሉ ፊኛ ላይ ብቻ አይቆምም። ደም ስሮቹ ፊኛውንም ፕሮስቴቱንም ሴሚናል ቬሲክል የሚባሉትን የዘር ፈሳሽ የሚያመነጩትን ከረጢቶችም የሚያገናኙ ናቸው፣ ስለዚህ እንቁላሉ እዛም ይቀመጣል። ሰውየው ምን ያያል? የዘር ፈሳሹ ላይ ደም፣ ወይ ቀለሙ ወደ ቢጫ ሄዶ ጓጉሎ፣ ወይ መጠኑ ቀንሶ፣ ሲረጭ ህመም፣ ከብልቱና ከፊንጢጣው መሃል የሚከብድ ስሜት። አንዳንዱ ላይ ልጅ የመውለድ ችግር ጋርም ይያያዛል። ይሄን የትኛው ወንድ ነው ለሐኪም የሚናገረው? የኛ ሰው ደም ሸናሁ ለማለት ሦስት ወር ይፈጅበታል፣ ዘሬ ላይ ደም አየሁ ለማለት እድሜ ልኩ አይበቃውም። ማላዊ ሐይቅ ዳር ባሉ ዓሣ አጥማጆች ላይ ጥናት ሲሰራ ከዘር ፈሳሻቸው ውስጥ እንቁላል ተገኝቷል፣ ዘረመሉን በሚፈልገው ምርመራ በፒሲአር ሲታይ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ከታየው በላይ ሆኖ ነው የተገኘው። ሽንታቸው ንጹህ ሆኖ የዘር ፈሳሻቸው ላይ እንቁላል የተገኘባቸውም ወንዶች አሉ። የሴቶቹ የማህጸን ቢልሃርዚያ አሁን አሁን ትንሽ መወራት ጀምሯል፣ በጎ ነው፣ የወንዶቹ ግን ገና ነው።

ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ላይ ደግሞ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቱቦ ይጠባል፣ ሽንት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኩላሊት ያብጣል። ከዛ የሚከፋው ካንሰር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 ይሄን ትል ካንሰር አምጪ ከተባሉት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፣ ሲጋራ ያለበት ምድብ ማለት ነው። ስለዚህ በእድሜ ገፋ ያለ ወንድ ያለ ህመም ደም ሲሸና "ስላላመመኝ ምንም አይደለም" ማለት ትልቅ ስህተት ነው፣ በተለይ የማያመው ደም ነው የሚያስፈራው።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ለአንድ ኪሎ 40 ሚሊግራም፣ በአንድ ጊዜ። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ባለ 600 ሚሊግራሙ 4 ፍሬ መሆኑ ነው፣ ምግብ በልቶ ይወሰዳል። በቃ ይሄው ነው። አንድ ያልተነገረ ነገር ግን አለው፣ ያደገውን ትል እንጂ ገና ጨቅላውን በደንብ አይገልም፣ ስለዚህ በቅርብ ውሃ የገባ ሰው ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ መታየት አለበት፣ እንቁላሉ ካለም ይደገማል። (ክኒን መሆኑን ደግሞ አትናቁት። ግብጽ ውስጥ ከዚህ በፊት በመርፌ ነበር የሚታከመው፣ ታርታር ኤሜቲክ በሚባል፣ መርፌው በደንብ ሳይቀቀል ከሰው ሰው እየዞረ እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ድረስ ተሰጥቶ ሀገሪቱን በሄፓታይተስ ሲ አጥለቀለቃት። አንዱን አድን ሲሉ ሌላውን መዝራት።)

ታዲያ ክኒኑ ካለ ማን ነው የሚያገኘው? ተማሪ። የጅምላ ስርጭቱ የተሰራው በትምህርት ቤት በኩል ነው፣ ሚዛን እንኳን አያስፈልግም፣ ልጁን ምልክት የተደረገበት ዘንግ አጠገብ አቁመህ በቁመቱ ትሰጠዋለህ። ለልጆች ግሩም ነው። ግን ከደጋ ወርዶ ጥጥና ሸንኮራ የሚሰራው ጎልማሳ፣ ከብት ይዞ ውሃ የሚገባው አርብቶ አደር፣ ሙቀት ሲያስመርረው መኪናውን አቁሞ ወንዝ የሚገባው ሾፌር ትምህርት ቤት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ስርጭቱ በብዛት ባለበት ቦታ ከ2 ዓመት ጀምሮ አዋቂውም ይካተት ብሏል፣ ወረቀቱ ትክክል ነው፣ ወረቀቱን ክኒን ለማድረግ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም ደግሞ እነዚህን ችላ የተባሉ የሚባሉ በሽታዎች ከ2006 ጀምሮ ሲደግፍ የነበረው ፕሮግራም አብሮ ሄዷል። በዚህ ሁኔታ ቀድሞ የሚቆረጠው ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አይጠይቅም፣ ገና ያልተጀመረለት ሰው ነው።

ቀንድ አውጣዋን በማጥፋት በኩል እኛ ለዓለም የምናሳየው ነገር ነበረን እኮ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይቶ ነው ነገሩን የያዘው። የእናቶቻችን ሳሙና መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተውበታል፣ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምርምር ተቋም በአክሊሉ ስም ይጠራል። በሰፊው ቦይ ላይ ሲረጭ ግን አላየንም፣ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ የሚያስጽፍ ብሶት ስለሆነ ልለፈው።

ወደ ትሪኮሞናስ።

ይሄኛው ትል አይደለም፣ አንድ ሴል ነው፣ የሚተላለፈውም በወሲብ ነው። እንደ አሜባ ሽፋን ሰርቶ ውጭ መቆየት አይችልም፣ ስለዚህ "ከሽንት ቤት ያዘኝ" የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ብዙም አያስኬድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ 156 ሚሊዮን አዲስ ኬዝ እንደነበር ገምቷል፣ በቫይረስ ካልሆኑት አባላዘር በሽታዎች አንደኛ ነው፣ ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ እስኪ። ሴት ላይ ፈሳሽ፣ ሽታ፣ ማሳከክ ያመጣል። ወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ምልክት ሲያሳይም ቀጭን ፈሳሽ፣ ትንሽ ማቃጠል፣ አንዳንዴ ፕሮስቴት ድረስ።

ችግሩ ቤት ውስጥ ነው የሚፈነዳው። ሚስት ታማ ትሄዳለች፣ ይገኝባታል፣ ባልሽን ይዘሽ ነይ ትባላለች፣ ባል "እኔ ምንም አላመመኝም፣ አንቺ ያመጣሽውን ራስሽ ታከሚው" ይላል። እሷ ትታከማለች፣ ይሻላታል፣ ከወር በኋላ እንደገና። አሁንማ ጥርጣሬው ተረጋገጠ ይባላል። አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፣ የላብራቶሪው ወረቀት ማን መጀመሪያ እንዳመጣው አይናገርም። ሴቷ ላይ ለወራት ከዛም በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ወንዱም ሳያውቀው ይዞ ሊዞር ይችላል፣ ወይ ደግሞ አስይዟት እሱ ላይ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ይሄም የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ "ቀድሞ የታየበት ቀድሞ ያመጣው ነው" የሚለው ሂሳብ ሁሌም ሴቷን ነው የሚያስከፍለው፣ ምክንያቱም የሚታየው እሷ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት የፈረሰ ትዳር አውቃለሁ፣ የፈረሰው በበሽታው አይደለም በወረቀቱ ንባብ ነው።

ወንዱን ልመርምር ብትልም ቀላል አይደለም። በማይክሮስኮፕ የምታውቀው በእንቅስቃሴው ነው፣ እየተንቀጠቀጠ እየተገለባበጠ ይሄዳል፣ ስላይዱ ከቀዘቀዘ ቀጥ ይልና ከነጭ ደም ሴል አትለየውም። ናሙናው ወረፋ ይዞ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጠ አለቀ። የወንድ ሽንት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ትኩስም ሆኖ ያመልጣል። ዘረመሉን የሚፈልገው ምርመራ ጥሩ ነው፣ በየጤና ጣቢያው ግን የለም። ለዛ ነው ሚስት ላይ ከተገኘ ባል ሳይመረመርም ይታከም የሚባለው።

መድኃኒቱ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ያው ፍላጅል የምንለው! ለአሜባ ብለን በየመሳቢያው የምናስቀምጠው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ለወንድ 2 ግራም በአንድ ጊዜ፣ ለሴት ደግሞ 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን ይላል። ግን መሳቢያ ውስጥ ያለውን የተረፈ አራት ፍሬ መቃም መታከም አይደለም፣ ሁለቱ አብረው መውሰድ አለባቸው፣ ጨርሰው ምልክቱም እስኪጠፋ መታቀብ አለባቸው። አንዱ ታክሞ አንዱ ከቀረ እርስ በርስ መቀባበል ነው፣ ማህበር ይመስል።

ሦስተኛው የፋይላሪያው ነው። እሱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ስላለ ላንሳው። ደጋው ላይ "ዝሆኔ" የምንለው የእግር እብጠት በአብዛኛው ትል አይደለም፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ ነው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው። እሱ ከእግር ጣት ጀምሮ ነው የሚወጣው፣ ከጉልበት በላይ እምብዛም አይሄድም። የትሉ ግን፣ በትንኝ የሚተላለፈው፣ ጋምቤላን በመሰሉ ቆላ ቦታዎች ያለው፣ ወንዶች ላይ የሚወደው ቦታ የቆለጥ ከረጢት ነው። አልትራሳውንድ ቢደረግ ትሎቹ ሊምፍ ቧንቧው ውስጥ ሲወራጩ ይታያሉ፣ ሐኪሞቹ የፋይላሪያ ጭፈራ ይሉታል። ከዛ ውሃ ይቋጥራል፣ ሰው "ቡአ ወረደው" ይለዋል፣ ሰፊ ሱሪ ይለብሳል፣ ሰርግ መሄድ ይተዋል፣ ፈረስም በቅሎም መቀመጥ ይተዋል። በዓለም ላይ 25 ሚሊዮን ወንዶች እንደዚህ ናቸው ተብሎ ይገመታል። ቡአ ሁሉ ግን ትል አይደለም፣ አንጀት ወርዶም ይሆናል፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከጀርባው ባትሪ ሲበራበት ውሃ ከሆነ ብርሃኑ ያልፋል፣ ይሄ የመጀመሪያ ፍንጭ እንጂ ውሳኔ አይደለም። ክኒኑ ስርጭቱን ይገታል እንጂ የተቋጠረውን ውሃ አይመልስም፣ እሱን የሚያነሳው ኦፕራሲዮን ነው፣ ከባድም አይደለም። የሌሊቱን ሰዓት ጉዳይ በተመለከተ ደግሞ አሁን ከጣት በሚወሰድ ደም በማንኛውም ሰዓት የሚሰራ ስትሪፕ አለ፣ ሌሊት ሰው ቤት እያንኳኳን ደም የምንወስድበት ዘመን በአብዛኛው አልፏል፣ ለቢልሃርዚያውም እንዲህ ያለ ነገር በየጤና ጣቢያው በደረሰልን።

አዎ፣ እከክም አለ። ብልት ላይና ቆለጥ ላይ የሚያሳክኩ እብጠቶች ያወጣል፣ ቂጥኝ ነው ብሎ የሚደነግጥ ብዙ ነው። ሌሊት ከባሰና ቤት ውስጥ ሌላም የሚያሳክከው ሰው ካለ እከክ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፣ ሁሉም የቤተሰብ አባል ይታከም፣ እብጠቷ ከታከማችሁ በኋላም ሳምንታት ልትቆይ ስለምትችል አትደናገጡ።

ይሄን የምታነቡት ዲሲም ሁኑ ቴላቪቭ ወይ ጅዳ፣ ሽንታችሁ ላይ ደም ካያችሁ ለሐኪሙ ያደጋችሁበትንና ያለፋችሁበትን ውሃ ንገሩት። አዋሽ ወይ ዋቢ ሸበሌ ዳር የኖረ አለ፣ በሱዳን በኩል ሲያልፍ ገዚራ እርሻ ላይ የሰራ አለ፣ በየመን ያለፈ አለ፣ እነዚህ ሁሉ ቢልሃርዚያ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። እዛ ያለው ሐኪም ጠጠር ያስባል፣ ካንሰር ያስባል፣ ማሰቡም ትክክል ነው፣ ካሜራም ያስገባል፣ ግን ካልነገርከው ትል አያስብም። ትሉ ደግሞ ቪዛ አያስፈልገውም፣ ፈረንሳይ ኮርሲካ ደሴት ላይ ካቩ የሚባል ወንዝ ውስጥ የዋኙ አፍሪካን ረግጠው የማያውቁ ቱሪስቶች እ.ኤ.አ. በ2013 ተይዘው በዓመቱ ታውቋል። በደም የሚሰራው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ይጠቅማል፣ ግን ከታከማችሁም በኋላ ለዓመታት ፖዘቲቭ እንደሚል እወቁ፣ አልዳንኩም ብላችሁ እንዳትሸበሩ።

እዚህ ላላችሁ ደግሞ፣ ለላብራቶሪ ባለሙያው "የቦይ ውሃ ውስጥ እገባለሁ፣ የቀትሩን ሽንት ልስጥ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ማንም አይቆጣችሁም፣ ቢቆጣም ይቆጣ። ሴንትሪፉጅ ባይኖር እንኳን ሽንቱ ሾጠጥ ባለ እቃ ውስጥ ቆሞ ሲዘቅጥ ከታች ያለው ይታያል። ውሃው ላይ ደግሞ፣ ለመታጠቢያ የሚቀዳው ውሃ በርሜል ውስጥ ተከድኖ ሁለት ቀን ከቆየ እጮቹ ይሞታሉ፣ ቀንድ አውጣ አብሮ እንዳይቀዳ መጠንቀቅ ነው። ቦይ የሚጠርግ ሰው ቦቲ ጫማ ያስፈልገዋል፣ እሱን መግዛት ያለበት ደግሞ ቀጣሪው ነው።

ልጁ አራቱን ክኒን እዛው ፊቴ ዋጠ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለስ፣ ቀትር ላይ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ አልኩት፣ ቦዩንም እንደገና አስረዳሁት፣ ነቀነቀልኝ። በቀጠሮው ቀን መጣ፣ ይሄ ራሱ ብርቅ ነው፣ አብዛኛው አይመለስም። ደሙ ቆሟል፣ ፊቱ በርቷል፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጸጉሩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

"የት ታጥበህ ነው?" አልኩት።

"እዛው ቦዩ ጋ፣ ሐኪም ቤት በላብ አይመጣ ብዬ" አለኝ። ኩባያውን ሰጠሁት።